ጁላይ 14ን በፈረንሳይ መንደር ማክበር፦ ከዋዜማው እስከ ማግስቱ

የፈረንሳይን ብሔራዊ በዓል፣ ጁላይ 14ን፣ ፓሪስ ላይ ለማየት የሚሄድ ሰው ማለዳ ተነሥቶ፣ ተፈትሾ፣ ከብረት አጥር ጀርባ ይቆማል። ሰልፉ በሻንዜሊዜ ጎዳና ያልፋል፤ የጦር አውሮፕላኖች ሰማዩን ሰማያዊ፣ ነጭና ቀይ ጭስ ቀብተውት ይሄዳሉ፤ ሰውየውም ወደ ማረፊያው ይመለሳል። ያምራል፣ አይካድም። ሆኖም አይቶ መመለስ ነው። ይኸው ሰው ቀኑን አንድ ሺህ ነዋሪ ባላት መንደር ቢያሳልፍ ግን በረጅም ጠረጴዛ ዳር ቦታ ይያዝለታል፣ አጠገቡ የተቀመጡ አዛውንት ዳቦ ይቆርሱለታል፣ ሲመሽም አንድ ሕፃን የወረቀት ፋኖስ ያስይዘዋል። በመንደር በዓሉን የሚያዘጋጁትና የሚያከብሩት ያው ሰዎች ናቸው። እንግዳው ከእነሱ ጋር ወንበር እስከተሸከመ ድረስ ተመልካች ሆኖ አይቀርም። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ያንን በር ለማሳየት ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ የመጀመሪያው ሙከራዬ አልተሳካም። በ14ኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት መንደር ደረስኩ፤ ርችቱ የተተኮሰው፣ ጭፈራውም የተጨፈረው በዋዜማው ነበር። አደባባዩ ላይ ያገኘሁት የተደራረቡ ወንበሮችን ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝረው አብዛኛው ምክር ከዚያ ቀን የተማርኩት ነው።

ስለ ቀኑ ማወቅ የሚገባችሁ

ፈረንሳዮች በዓሉን የሚጠሩት በቀኑ ነው፤ «ለ ካቶርዝ ዡዬ» ይሉታል፣ ወይም «ፌት ናሲዮናል» ማለትም ብሔራዊ በዓል። «የባስቲል ቀን» የሚለው መጠሪያ የውጭ ሰዎች ነው፤ በመንደር ብትናገሩት ይገባቸው ይሆናል እንጂ የእነሱ ቃል አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1789 የፓሪስ ሕዝብ ባስቲል የተባለውን ምሽግና እስር ቤት ሰብሮ ገባ። በዚያን ጊዜ ውስጡ የነበሩት እስረኞች ሰባት ብቻ ነበሩ፤ የወደቀው ግን የንጉሡ የፈላጭ ቆራጭነት ምልክት ነው። ልክ በዓመቱ፣ በ1790፣ ከመላ አገሪቱ የመጡ ሰዎች ፓሪስ ውስጥ ሻን ደ ማርስ በተባለው ሜዳ ተሰብስበው የአንድነት በዓል አከበሩ። ቀኑን ብሔራዊ በዓል ያደረገው ሕግ የወጣው በ1880 ሲሆን ዓመቱን አይጠቅስም። ይህም ለክርክሩ መፍትሔ ሆኖ ነበር፦ ደም የፈሰሰበትን ቀን ማክበር የከበደው ሰው 1790ን ማሰብ ይችላል። ዛሬም በመንደር ጠረጴዛ ላይ «የምናከብረው የትኛውን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ለግማሽ ሰዓት የሚበቃ ጨዋታ ታገኛላችሁ።

በእኛ አቆጣጠር ቀኑ ሐምሌ 7 ላይ ይውላል፣ የሥላሴ ክብረ በዓል ማለት ነው። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ስለሚፈታ፣ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልሆነ በቀር ለኦርቶዶክስ መንገደኛ የፍስክ ቀን ነው። አገር ቤት ክረምቱ ሲገባ እዚያ የበጋው ሙቀት አናቱ ላይ ይደርሳል።

መጀመሪያ፦ ወረቀቱን ጨርሱ

ከአዲስ አበባ የምትነሡ ከሆነ የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ሲሆን ቢያንስ 15 ቀን መቅረት አለበት። ለበጋ ወራት ቀጠሮ ቶሎ ስለሚያልቅ እኔ ከመጋቢት ጀምራችሁ ተንቀሳቀሱ እላለሁ። የአዋቂ ክፍያ 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድንም ይጠየቃል። ዘመድ ወይም ወዳጅ ቤት የምታርፉ ከሆነ አስተናጋጃችሁ ከሚኖርበት ማዘጋጃ ቤት «አቴስታሲዮን ዳኬይ» የተባለ የማስተናገጃ ማረጋገጫ ማውጣት ይኖርበታል። በጀርመን፣ በጣሊያን፣ በስዊድን ወይም በሌላ የሼንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ በዚያው ፈቃድና በፓስፖርታችሁ መግባት ትችላላችሁ።

ሁለተኛ፦ መንደሯን ምረጡ፤ ግን በውበቷ አይደለም

ብዙ መንገደኛ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ «እጅግ ውብ የፈረንሳይ መንደሮች» የተባለ ማኅበር አለ፤ በ1982 ኮሎንዥ ላ ሩዥ በተባለችው፣ ቤቶቿ በቀይ ድንጋይ በተሠሩት መንደር ተመሠረተ። ዛሬ ከ170 በላይ አባል መንደሮች አሉት። ሁሉም ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። ነገር ግን ከእነዚህ በአንዳንዶቹ በጁላይ ወር የምታገኙት የመንደሩን ሰው ሳይሆን እንደ እናንተ ያለ ጎብኚ ነው። ለበዓሉ የምትፈልጉት ደግሞ ሰውን ነው።

እኔ የምመርጠው ከ500 እስከ 3 ሺህ ነዋሪ ያላትን መንደር ነው። ከዚህ ካነሰች ከጎረቤት መንደር ጋር ተዳብላ ልታከብር ትችላለች፤ ከዚህ ከበዛች ደግሞ ወደ ከተማ ታደላለች። ስታጣሩ አራት ነገር ተመልከቱ፦ የምትሠራ ትምህርት ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ ካፌ፣ እና የእሳት አደጋ ጣቢያ። ትምህርት ቤት ካለ ልጆች አሉ፤ ልጆች ካሉ የፋኖስ ሰልፍ ይኖራል። የእሳት አደጋ ጣቢያ ካለ ደግሞ ጭፈራው ተገኘ ማለት ነው። በፈረንሳይ ከአምስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች አራቱ ያህል በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በመንደር ውስጥ ቀን ቧንቧ የሚጠግነው፣ ወይን የሚለቅመው፣ መምህሯም ጭምር፣ ጥሪ ሲደርሳቸው የራስ ቁራቸውን አድርገው ይሮጣሉ። በዓሉንም ብዙ ጊዜ የሚሸከሙት እነሱ ናቸው።

አገሩ ሰፊ ስለሆነ የበዓሉ ጣዕም ይለያያል። በደቡብ፣ በፕሮቫንስና በላንግዶክ፣ ጠረጴዛው ፕላታን በተባሉት ትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይዘረጋል። በምዕራብ በብሬታኝ የአካባቢው የክብ ጭፈራ ይጨመርበታል፤ በሰሜን የመንደሩ የነፋስ መሣሪያ ባንድ አደባባዩን ይዞራል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ደቡቡን እመክራለሁ፤ ምሽቱ ሞቃት ነው፣ ሰውም ደጅ ያመሻል።

ሦስተኛ፦ ፕሮግራሙን አግኙ፣ ምሳውን ወይም እራቱን አስመዝግቡ

የመንደር በዓል ፕሮግራም የሚታወቀው ዘግይቶ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሰኔ አጋማሽ በአውሮፓ አቆጣጠር ወይም ከዚያ በኋላ። በማዘጋጃ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ፣ ፓኖፖኬት በተባለው ብዙ መንደሮች ማስታወቂያ በሚያወጡበት የስልክ መተግበሪያ ላይ፣ ወይም እንደ ኡዌስት ፍራንስ ባሉ የአካባቢ ጋዜጦች ይወጣል። እዚያው ስትደርሱ ደግሞ ከሁሉ የታመነው በዳቦ ቤቱ መስታወት ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው።

ፕሮግራሙን ስታነቡ ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛ ቀኑን፤ ርችቱና ጭፈራው በ13 ምሽት ነው ወይስ በ14? ብዙ መንደሮች በዋዜማው ያደርጉታል፤ ማግስቱ በዓል ስለሆነ ሰው ያለ ሐሳብ ያመሻል። ጎረቤታሞች ተስማምተው አንዷ በ13፣ ሌላዋ በ14 የምታደርግበትም ቦታ አለ። እንዲህ ያለ ጥንድ ካገኛችሁ ሁለት በዓል አገኛችሁ። ሁለተኛ ሰዓቱን፤ የሚጽፉት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። 11 ሰዓት ያለው በእኛ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነው፤ 19 ሰዓት ያለው ከምሽቱ 1 ሰዓት፤ 22፡30 ያለው ከምሽቱ 4፡30። ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል፤ ምክንያቱም በጁላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አነጋገር ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። እራት ላይ ስትቀመጡ ገና ቀን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ መንደሮች በዚህ ቀን የጋራ ማዕድ ያዘጋጃሉ፤ «ርፓ ሬፑብሊካን»፣ የሪፐብሊክ ማዕድ ይሉታል። ቦታው የሚያዘው አስቀድሞ በመመዝገብና በመክፈል ነው፤ ምዝገባውም የሚደረገው በማዘጋጃ ቤቱ፣ በመንደሩ የበዓል ኮሚቴ፣ ወይም በካፌውና በዳቦ ቤቱ በኩል ነው። ከቀኑ ቀደም ብሎ ይዘጋል። ስለዚህ ከሩቅ ሆናችሁም ቢሆን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ኢሜይል ጻፉ ወይም ደውሉ። የትንንሽ መንደሮች ማዘጋጃ ቤት በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ስለሚከፈት መልስ ቢዘገይ ተስፋ አትቁረጡ። የምትጠይቁት ጥያቄ ይህ ነው፦ «ኤስ ኪል ረስት ዴ ፕላስ ፑር ለ ርፓ ዱ ካቶርዝ?» ለ14ቱ ማዕድ ቦታ ቀርቷል ወይ ማለት ነው። እኛ ሩቅ አገር ሰዎች ነን፣ በዓላችሁን ልናከብር መጣን ብላችሁ ስትጽፉ የሚሰጣችሁ መልስ ሞቅ ያለ ነው። እኔ እስካሁን እምቢ ያለኝ አላጋጠመኝም።

የማትበሉት ነገር ካለ በዚሁ ጊዜ ተናገሩ፤ በኋላ አይሆንም። የመንደር ማዕድ ለሁሉም አንድ ነው፤ የምግብ ዝርዝር አይቀርብም። በእሳት ላይ የሚዞር ሙሉ አሳማ፣ በጥብስ ድንች የሚቀርብ ሙል የተባለ በዛጎል ውስጥ ያለ የባሕር ምግብ፣ ፓኤላ የተባለ የሩዝ ምግብ፣ የበግ ጥብስ፣ በደቡብ ደግሞ አዮሊ የሚሉት በነጭ ሽንኩርት ማባያ የሚበላ ዓሣና ቅቅል አትክልት የተለመዱ ናቸው። የአሳማ ሥጋ ለማትበሉ «ሳን ፖር» የሚለውን ቃል ያዙ። ይህ መጠንቀቂያ ለዋናው ምግብ ብቻ አይደለም፤ መክፈቻ ተብሎ የሚቀርበው የደረቀ ሥጋና ቋሊማም አብዛኛው ከአሳማ ነው። ሜርጌዝ የሚባለው ቀይ ቋሊማ ከበግ ወይም ከበሬ ሥጋ ይሠራል፤ ሐላል መሆኑን ግን በግምት አትቀበሉ። በጾም ቀን ከዋለባችሁ «ሳን ቪያንድ»፣ ያለ ሥጋ በሉ፤ የቲማቲም ሰላጣ፣ ዳቦና ፍራፍሬ አይጠፋም፣ አይቡንና ቅቤውን ግን እናንተው ለዩ።

አራተኛ፦ መጓጓዣና ማደሪያ

በ13ኛው ቀን፣ ቢቻል ከቀትር በፊት ድረሱ። ከዚህ ምክር የሚበልጥ የለኝም። በበዓል ቀን የክልል ባቡሮችና አውቶቡሶች በእሑድ ሰሌዳ ይሠራሉ፤ አንዳንድ የገጠር አውቶቡስ ጭራሽ አይንቀሳቀስም። የጊዜ ሰሌዳው ላይ «ዡር ፌሪዬ» የሚል ካያችሁ የበዓል ቀን ማለት ነው፤ ያንን መስመር ተከትላችሁ አንብቡ። መኪና ከሌላችሁ «ላ ጋር» ያላትን መንደር ምረጡ። ቃሉ ለአዲስ አበቤ ባዕድ አይደለም፤ ለገሃር ያልነው ከዚሁ፣ ባቡር ጣቢያ ከሚለው ቃል ነው።

መኪና የተከራያችሁ፣ ለሚነዳው ሰው አስቀድማችሁ ተስማሙ። የሚፈቀደው የአልኮል መጠን በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም ነው፤ በዚያ ምሽት ፖሊስ መንገድ ላይ ይቆማል።

ለማደሪያ «ሻምብር ዶት» የተባለውን፣ ሰው በራሱ ቤት የሚያከራየውን ክፍል አስቀድማለሁ። ባለቤቶቹ ጠዋት ከእናንተ ጋር ቁርስ ላይ ስለሚቀመጡ የመንደሩን ወሬ ሁሉ ከእነሱ ታገኛላችሁ። በዓሉ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ላይ ሲውል ሰው መካከሉን ቀን አያይዞ ስለሚያርፍ ቦታ ቶሎ ይያዛል፤ ድልድይ ይሉታል። ገንዘብ መቆጠብ ለሚፈልግ ብዙ መንደሮች ማዘጋጃ ቤቱ የሚያስተዳድረው ርካሽ የድንኳን ሰፈር አላቸው። ለአስተናጋጆቻችሁ አንድ ጥቅል የይርጋ ጨፌ ወይም የሐረር ቡና ያዙ። አበባ ከገዛችሁ ክሪሳንተም አትግዙ፤ እዚያ የመቃብር አበባ ነው።

በሻንጣችሁ የሚገባው ጥቂት ነው፦ ሣር ላይ የሚነጠፍ ጨርቅ፣ የእጅ ባትሪ፣ ለምሽት ሹራብ፣ ምቹ ጫማ። የጥሬ ገንዘብ ጉዳይ ግን አይረሳ። በብዙ መንደር የባንክ ማሽን የለም፤ የመጠጥ ድንኳኑም ካርድ ላይቀበል ይችላል። በ5ና በ10 ዩሮ የተዘረዘረ ገንዘብ ያዙ። የምግቡ ማስታወቂያ ላይ «አፖርቴ ቮ ኩቬር» ከተጻፈ ሳህን፣ ብርጭቆ፣ ሹካና ቢላ ከቤት አምጡ ማለት ነው።

አምስተኛ፦ የ13 ከሰዓት በኋላና የፋኖሱ ሰልፍ

ዕቃችሁን እንዳስቀመጣችሁ ወደ አደባባዩ ውጡ። ከማዘጋጃ ቤቱ መጋዘን ጠረጴዛና አግዳሚ ወንበር በተሳቢ ጋሪ እየተጫነ ይመጣል፤ በዛፎቹ መካከል ባለ ሦስት ቀለም ባንዲራና አምፖል ይታሠራል። ዝም ብላችሁ አትለፉ። ቀርባችሁ መጀመሪያ «ቦንዡር» በሉ። ይህ ቃል በፈረንሳይ ገጠር ከማንኛውም ጥያቄ በፊት ይቀድማል፤ ሱቅ ስትገቡ፣ መንገድ ስትጠይቁ፣ ከአጠገባችሁ ሰው ሲቀመጥ። ሳይሉት መናገር ለእነሱ ነውር ነው፤ ሰላምታ ሳይሰጥ ቤት ዘው ማለት ለእኛ እንደሚከብደን ማለት ነው። ቀጥላችሁ «ዠ ፐ ቩ ዜዴ?» በሉ፤ ላግዛችሁ ወይ ማለት ነው። ሁለት ወንበር ካወጣችሁ በኋላ ስማችሁን ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ወዲያ እንግዳ አይደላችሁም።

በአነጋገር በኩል አማርኛ ተናጋሪ ዕድለኛ ነው። «ቩ» እርስዎ ነው፣ «ቱ» አንተና አንቺ። በ«ቩ» ጀምሩ፤ እነሱ ራሳቸው ወደ «ቱ» እስኪያሻግሯችሁ ጠብቁ። ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳሙንም እንዲሁ፤ እጅ ዘርጉ፣ ጉንጫቸውን ካቀረቡ ተከተሉ።

ሲጨልም ልጆች በማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ይሰበሰባሉ። እያንዳንዱ ልጅ በቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ የወረቀት ፋኖስ ይሰጠዋል። ከንቲባው ወይም አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ከፊት ይሆናል፤ ባንድ ካለ ባንዱ ይከተላል፤ ከዚያ መላው መንደር በጠባቦቹ መንገዶች ቀስ ብሎ ይዞራል። የመንገድ መብራቶችን የሚያጠፉ መንደሮች አሉ። አዛውንቶች በመስኮት ሆነው እጅ ያወዛውዛሉ። እኔ በዓሉን ከወደድኩባቸው ሰዓቶች ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ፤ ደመራ ሊለኮስ ችቦ ይዞ የሄደ ልጅ የነበረ ሰው በእሳት ዙሪያ በጨለማ የመሄድን ደስታ ያውቀዋልና። ፋኖስ ከተረፈ ጠይቃችሁ ያዙ። የልጆችን ፊት ፎቶግራፍ ከማንሣታችሁ በፊት ግን ወላጆችን ጠይቁ፤ ፈረንሳይ ውስጥ ይህ በቁም ነገር የሚታይ ጉዳይ ነው።

ስድስተኛ፦ የ14 ጠዋት፣ በሐውልቱ ፊት

ዳቦ ቤቱ ጠዋት ይከፈት ይሆናል፤ ቀትር ላይ ግን ሁሉም ነገር ይዘጋል። ስለዚህ ባጌትና ውኃ ቀድማችሁ ግዙ። ካፌው ውስጥ የፓሪሱ ሰልፍ በቴሌቪዥን ስለሚታይ ቡናችሁን እዚያ ጠጡ፤ አውሮፕላኖቹ ሲያልፉ ሁሉም ቀና ይላል።

ሥነ ሥርዓቱ ባለበት መንደር ዋናው ሰዓት እኩለ ቀን ከመድረሱ በፊት ነው። ፈረንሳይ ኮሚዩን የሚባሉ፣ የየራሳቸው ከንቲባ ያሏቸው ወደ 35 ሺህ የሚጠጉ መንደሮችና ከተሞች አሏት፤ ከእነዚህ ከሞላ ጎደል ሁሉም የጦር ሙታን ሐውልት አላቸው። አብዛኞቹ የቆሙት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ያ ጦርነት ወደ 1.4 ሚሊዮን የሚጠጉ የፈረንሳይ ወታደሮችን በልቷል፤ የተወሰዱትም በብዛት ከገጠር ነው። ቀደም ብላችሁ ሄዳችሁ ስሞቹን አንብቡ። በአንዲት ትንሽ መንደር ሠላሳ፣ አርባ ስም ታያላችሁ፤ አንድ የቤተሰብ ስም ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ተደጋግሞ ይመጣል። ወንድማማቾች ናቸው፣ ወይም የአጎት ልጆች። ያው ስም ዛሬ በዳቦ ቤቱ በር ላይ፣ በፖስታ ሣጥኖቹ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ከንቲባው በደረታቸው ላይ ባለ ሦስት ቀለም መቀነት አድርገው ይመጣሉ። የቀድሞ ወታደሮች ባንዲራ ይዘው ይቆማሉ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ይሰለፋሉ፤ በዚህ ቀን ማዕረግ ወይም ሜዳይ የሚቀበሉም አሉ። የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፣ ለሙታን የሚነፋው ጥሩምባ ይሰማል፣ የአንድ ደቂቃ ጸሎተ ሕሊና ይደረጋል። ከዚያ በ1792 ስትራዝቡር ውስጥ ሩዤ ደ ሊል የደረሰው ላ ማርሴዬዝ ይዘመራል። ባርኔጣ አውልቁ፣ ስልካችሁን ዝጉ፣ ከኋላ ቁሙ። መዝሙሩን ባታውቁት ዝም ብላችሁ መቆም በቂ ነው። አድዋን ምኒልክ አደባባይ ላይ ያከበረ ሰው በዚያች ደቂቃ ምን ዓይነት ዝምታ እንደሚወርድ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ሥነ ሥርዓቱ ሲያበቃ ከንቲባው ሰውን ሁሉ ለ«ቫን ዶነር» ይጠራሉ፣ የክብር ወይን እንደ ማለት። ክፍያ የለውም፤ ማዘጋጃ ቤቱ ነው የሚጋብዘው፤ ጥሪውም እንግዳን ይጨምራል። ብዙ መንገደኛ ለእኔ አይሆንም ብሎ ይሄዳል፤ እናንተ ግን ግቡ። ለማይጠጣ ጭማቂ አለ። ለከንቲባው እጃችሁን ዘርግታችሁ ከየት እንደመጣችሁ ንገሩ። በትንሽ መንደር ከንቲባ ማለት ሁሉም በስሙ የሚጠራው ጎረቤት ነው፤ አንድ ጊዜ ከእሱ ጋር ስትነጋገሩ ከታያችሁ ቀኑን ሙሉ ሰው ሰላም ይላችኋል።

ሰባተኛ፦ ከሰዓት በኋላ

ሙቀቱ ሲበረታ ሰው ያርፋል፤ እናንተም ዕረፉ፣ ምሽቱ ረጅም ነው። ከዚያ የፔታንክ ውድድር ይጀመራል። ጨዋታው በደቡብ ላ ሲዮታ ውስጥ ከመቶ ዓመት ጥቂት ዘለል ባለ ጊዜ የተፈጠረ ነው፦ ሁለት እግርን መሬት ላይ ተክሎ የብረት ኳስን «ኮሾኔ»፣ ትንሿ አሳማ፣ ወደምትባለው የእንጨት ድቡልቡል ማስጠጋት። ምዝገባው ጥቂት ዩሮ ነው። ጓደኛ ከሌላችሁ ተናገሩ፤ ጎዶሎ የሆነ ሰው ሁልጊዜ አለ።

ስምንተኛ፦ ማዕዱ

በተባለው ሰዓት ቲኬታችሁን ይዛችሁ ድረሱ። ከራሳችሁ ሰዎች ጋር ተጠጋግታችሁ አትቀመጡ፤ አራት ሆናችሁ ከመጣችሁ ሁለት ሁለት ሁኑ። የማታውቁት ሰው አጠገብ ክፍት ቦታ ስታዩ «ሴ ሊብር?» ብላችሁ ጠይቁ።

አፔሪቲፉ፣ ከምግብ በፊት ያለው መጠጥ፣ ይረዝማል። በደቡብ ፓስቲስ የሚሉት አኒስ ያለበት መጠጥ ይቀርባል፤ የእኛን አረቄ የሚያውቅ ሰው ሽታውን ይለየዋል፣ ነገር ግን ውኃ ጨምረው ቀስ ብለው ነው የሚጠጡት። ምግቡ በዙር ይመጣል፤ መክፈቻ፣ ዋናው፣ አይብ፣ ጣፋጭ። እንደ ገበታችን ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይቀርብ በመጀመሪያው አትጥገቡ። ዳቦው ሳህን የለውም፤ ጠረጴዛው ላይ ከሳህናችሁ አጠገብ ይቀመጣል። ጉርሻ አልተለመደም፤ ሆኖም ጠርሙሱን ለራሳችሁ ከመቅዳታችሁ በፊት ለጎረቤታችሁ ቅዱ። ብርጭቆ ሲያጋጩ ዓይን ዓይን ማየት ደንባቸው ነው።

ጨዋታው ስለ ምግብ፣ ስለ ድርቁ፣ ስለ ወይኑ አዝመራ ይሆናል። ደመወዝ አይጠየቅም፤ ማንን መረጥክ ብሎ መጠየቅም አይገባም። ስለ ራሳችሁ አገር ግን ይጠይቋችኋል። ስለ ቡና፣ ስለ አሥራ ሦስት ወራችን፣ ዓመቱ በመስከረም ስለሚገባበት ነገር ብትነግሯቸው ከልባቸው ይሰማሉ። ምግቡን የቀቀሉት ደመወዝተኞች አይደሉም፤ የኮሚቴው አባላት ናቸው። ሳህናችሁን ራሳችሁ ሰብስቡ፣ ወደ ማብሰያው ቦታ ሄዳችሁም አመስግኗቸው።

ዘጠነኛ፦ ርችቱና ጭፈራው

ርችቱ የሚተኮሰው ድቅድቅ ሲል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ22፡30 እስከ 23 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በእኛ ከምሽቱ 4፡30 እስከ 5 ሰዓት። ሰው ወደ ኳስ ሜዳው ወይም ወደ ወንዙ ዳር አብሮ ስለሚሄድ ተከተሉት። ጨርቃችሁን ነፋሱ ጭሱን በማያመጣበት በኩል አንጥፉ። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ራቅ በሉ፤ በሸለቆ ውስጥ ድምፁ ያስተጋባል። በደረቅ ዓመት የደን ቃጠሎ ስለሚፈራ መንግሥት ርችትን ይከለክላል፤ በ2022 በጋ ብዙ መንደሮች በዚህ ምክንያት ሰርዘዋል። ጠዋት ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ያለውን ማስታወቂያ አንብቡ። በታላቅነቱ የታወቀ ርችት ማየት ከፈለጋችሁ ካርካሶን የተባለችውን የቅጥር ከተማ አስቡ፤ ከ1898 ጀምሮ በዚህ ቀን ግንቧ በእሳት የተያያዘ እስኪመስል ትተኩሳለች። ሕዝቡ ግን እጅግ ብዙ ነው።

በአደባባዩ መግቢያ መንገዱ በትራክተር ወይም በሲሚንቶ ድንጋይ ተዘግቶ፣ ቦርሳም ሲፈተሽ ብታዩ አትከፉ። በ2016 በዚሁ በዓል ምሽት ኒስ ከተማ ውስጥ በሕዝብ ላይ በተነዳ የጭነት መኪና 86 ሰዎች ሞተዋል።

ከርችቱ በኋላ «ባል» ይጀመራል። በአማርኛ ጆሮ ሌላ ትርጉም ቢሰጥም በእነሱ የዳንስ ምሽት ማለት ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ካዘጋጁት መግቢያው ላይ የተቀመጠ ዕቃ ታያላችሁ፤ የፈቀዳችሁትን ጨምሩበት። መጀመሪያ አኮርዲዮን ይሰማል፤ ቫልስና ፓሶ ዶብል ለአዛውንቶች ነው። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ወጣቶች መድረኩን ይረከባሉ። በመካከል ማዲሰን የሚባለው፣ ሁሉም በረድፍ ሆኖ አንድ ዓይነት እርምጃ የሚራመድበት ዳንስ ሲመጣ ከኋለኛው ረድፍ ገብታችሁ እግር ተመልከቱ፤ በሁለት ዙር ይያዛል። አንድ ጊዜ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እናት እጄን ይዘው ቫልስ አስተማሩኝ፣ እኔም ትከሻ አሳየኋቸው፤ ከዚያ በኋላ በጠረጴዛቸው ዙሪያ የነበሩት ሁሉ ትከሻ ሲሞክሩ አመሹ።

መጠጥ ድንኳኑ ላይ ኩባያ በመያዣ ይሰጣችኋል፤ ስትመልሱት ብዙ ጊዜ 1 ዩሮ ይመለስላችኋል። ብቻችሁን የምትሄዱ ሴቶች ለአስተናጋጃችሁ የምትመለሱበትን ሰዓት ንገሩ፤ የመንደር መንገድ መብራት እኩለ ሌሊት ላይ ሊጠፋ ይችላል። አደጋ ካጋጠመ 112 ደውሉ፤ ተረኛ መድኃኒት ቤት የሚገኘው በ3237 ነው።

አሥረኛ፦ ማግስቱ

በ15 ጠዋት መጀመሪያ ባገኛችሁት ባቡር አትሂዱ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ወንበሮቹ እየተጠረጉ ወደ ጋሪው ይመለሳሉ፤ የተረፈ ዳቦና አይብም ለሠራተኞቹ ይቀርባል። ያላችሁ አንድ ሰዓት ከሆነ እዚያ አሳልፉት፤ ትናንት በጩኸት መካከል ስማቸውን ያልያዛችኋቸውን ሰዎች አሁን በጸጥታ ታገኟቸዋላችሁ። ያነሣችኋቸውን ፎቶግራፎች ለማዘጋጃ ቤቱ በኢሜይል ላኩላቸው፤ ለመንደሩ መጽሔት ይፈልጓቸዋል። በሚመጣው ዓመትም ለማዕዱ ስትጽፉ ያንኑ አድራሻ ተጠቀሙ።